በጣሪያዬ ላይ ስለተከፈተው የጎልፍ ሜዳ

ለተከበሩ የሕንፃችን የነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ሁለተኛውን ማስጠንቀቂያ በታላቅ ምስጋና ስለመቀበሌ

የተከበሩ ሰብሳቢ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለመላው አካልዎ ጤና፣ በተለይ ደግሞ ለወገብዎና ለቀኝ ትከሻዎ መልካሙን ሁሉ እመኛለሁ፤ ትከሻዎን ለይቼ ያነሣሁበት ምክንያት ደብዳቤውን ሲያጋምሱ ግልጽ ይሆንልዎታል። ቤተሰብዎም ሰላም እንደሚሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔና እናቴ ከጣሪያችን በቀር ደህና ነን።

ከሁለት ሳምንት በፊት በበራችን ስር ያስገቡልን ሁለተኛው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደርሶናል። «የሕንፃው የጋራ ንብረት በሆነው ጣሪያ ላይ በመወልወያ እንጨት ሦስት ጊዜ ጥቃት በመፈጸም የነዋሪዎችን ሰላም ስለማወክ» የሚል፣ ማኅተሙ በደንብ የሚነበብ፣ ከኮሚቴው እስከ ዛሬ ከወጡት ሁሉ ንጹሕ ሆኖ የተጻፈ ደብዳቤ ነው። ሦስተኛ ማስጠንቀቂያ የደረሰው ተከራይ በሠላሳ ቀን ውስጥ ቤቱን ለቆ እንደሚወጣም በመጨረሻው መስመር ላይ አስታውሰውናል። እናቴ አንብባ ስትጨርስ መነጽሯን አውልቃ፣ «እንግዲህ ዘጠኝ ዓመት የኖርንበትን ቤት በመወልወያ ልናጣው ነው» ብላ ሳቀች። ሳቁ ግን እንደ ወትሮው አልቆየም፤ ቶሎ ዘጋችው። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎ ሳቋን ስለዘጋችበት ምክንያት ነው።

ኮሚቴው እኔን የሚያውቀኝ «የአራተኛ ፎቅ አመልካች» በሚለው ማዕረግ ብቻ ስለሆነ ሥራዬን ላስተዋውቅ። እኔ አንባቢ ነኝ። ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች የመማሪያ መጻሕፍታቸውን እያነበብኩ በድምፅ እቀዳለሁ። የምሠራው በመኝታ ክፍሌ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው፤ የተሰቀሉት ልብሶች ድምፅ ስለሚውጡ ከካፖርቶቹ መካከል ማይክሮፎኑን አቁሜ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቤ አነባለሁ። አሁን በእጄ ያለው የወንጀል ሕግ መጽሐፍ ነው። የምትሰማኝ ተማሪ የሁለት ልጆች እናት ናት፤ ቀን ስልክ ቤት ትሠራለች፣ ሲመሽ ሕግ ትማራለች። ለመጨረሻ ፈተናዋ ስድስት ሳምንት ቀርቷታል። መጽሐፉ እሷ ልታነበው በምትችለው በሌላ መልክ አይገኝም፤ እኔ ካላነበብኩላት አይነበብላትም። የቀሩን አሥራ አንድ ምዕራፎች ናቸው።

ከእኛ በላይ፣ አምስተኛ ፎቅ፣ የጥርስ ሐኪሙ ጎረቤታችን ይኖራሉ። ከአራት ወር በፊት ሳሎናቸው ውስጥ የጎልፍ ማሽን አስተክለዋል። ደብዳቤው ግልጽ በመሆኑ ላላዩት ነዋሪዎች ላስረዳ፦ ዶክተሩ በእውነተኛ ዱላ እውነተኛ ኳስ ይመታሉ፤ ኳሱ ግድግዳው ላይ በተወጠረ ሸራ ላይ ያርፋል፤ ሸራው ላይ በፕሮጀክተር የሚታይ አረንጓዴ መስክ አለ፤ ማሽኑም ኳሱ ሜዳ ላይ ቢሆን ኖሮ የት ይደርስ እንደነበር አስልቶ ይነግራቸዋል። እንደ ማሽኑ ስሌት ኳሱ ሁለት መቶ ሜትር ይሄዳል። እንደ እኔ ስሌት ሦስት ሜትር ሄዶ አናቴ ላይ ይወድቃል።

እንግዲህ ክቡርነትዎ ጊዜ ካለዎት፣ እንዳለዎትም ከዚህ በታች ስለማስረዳ፣ ቅሬታዎቼን በቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፦ ድምፁ አንድ ብቻ እንዳልሆነ ኮሚቴው እንዲረዳልኝ በትሕትና አመለክታለሁ። መጀመሪያ ዱላው ኳሱን ሲያገኘው «ቷ» ይላል፤ እሱስ ይቻላል። ቀጥሎ ኳሱ ሸራው ላይ ሲያርፍ፣ ሸራው ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ስለተወጠረ፣ «ዱብ» የሚለው ድምፅ በግድግዳው ውስጥ ቁልቁል ወርዶ ካፖርቶቼ መካከል ይገባል። ከዚያ ኳሱ ተመልሶ ወለሉ ላይ ይነጥራል፣ ይነጥራል፣ እያነሰ ይሄድና መንከባለል ይጀምራል፤ ከሳሎን ተነሥቶ በእናቴ አልጋ በላይ አልፎ ከማድ ቤታችን አናት ሲደርስ አንድ ነገር አግኝቶ ይቆማል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ከዚያ በኋላ ያለው ጸጥታ ነው፤ ቀጣዩ መቼ እንደሚመጣ ስለማላውቅ ዓረፍተ ነገሬን በአፌ ይዤ እጠብቃለሁ። ሠላሳ ዓመት አዋላጅ ነርስ የነበረችው እናቴ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ የእጅ ሰዓቷን ይዛ ቆጥራ፣ «በየአርባ ሰከንዱ ነው የሚመጣው፤ ሰውየው ሊገላገሉ ነው» ብላ ነበር። አራት ወር ሙሉ አልተገላገሉም።

ይህ ሁሉ የኔ የነርቭ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ክቡርነትዎን ባላስቸገርኩ። ባለፈው ወር ግን ተማሪዬ ደውላ፣ «እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለችኝ፤ «ስለ ግድያ በሚያወራው ምዕራፍ ‹ሆን ብሎ› ካልሽ በኋላ ዱብ የሚለው ነገር የመጽሐፉ ነው እንዴ? እኔ እኮ አብሬ ሸምድጄዋለሁ። ትናንት መምህሩ ሲጠይቁኝ ‹ሆን ብሎ› አልኩና ዱብ እስኪል ዝም ብዬ ጠበቅሁ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ።» እሷም እየሳቀች ነበር የነገረችኝ። ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ቀልዴን ነው ብለሽ እንዳታልፊው። ፈተናው ላይ እንዲህ ከሆንኩ እወድቃለሁ፤ ሁለተኛ ዕድል ደግሞ የለኝም» አለችኝ። ለኮሚቴው ያቀረብኩት የመጀመሪያ አቤቱታ የተጻፈው በዚያው ቀን ነው።

ሁለተኛ፦ አቤቱታዬን ተቀብለው የድምፅ አጣሪ ንዑስ ኮሚቴ ስላቋቋሙልኝ ያለኝን ምስጋና በምን ቃል እንደምገልጽ አላውቅም። ንዑስ ኮሚቴው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ሰዓት ድምፁን ሊለካ እንደሚመጣ በደብዳቤ አሳወቀኝ፤ የደብዳቤው ግልባጭ ለዶክተሩም ደርሷቸው ነበር። ሌባን «ሐሙስ በዘጠኝ ሰዓት ልንይዝህ ስለምንመጣ በቦታህ እንድትገኝ» ብሎ የሚጽፍ ፖሊስ ቢኖር ወህኒ ቤት ሁሉ ባዶውን በቀረ ነበር። ሦስት የተከበሩ ሰዎች መጥተው ሳሎናችን ውስጥ ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀመጡ። ከላይ ኮሽ ያለ ነገር የለም። እናቴ ዝም ብሎ ማስቀመጡ ከብዷት ሻይ ልታፈላ ማድ ቤት ገባች፤ የማንቆርቆሪያው ክዳን ከእጇ አምልጦ ወደቀ። አንደኛው አባል የሚለካበትን ስልክ አየና በጥንቃቄ መዘገበ። ቃለ ጉባኤው ላይ የሰፈረው እነሆ፦ «ከላይኛው ፎቅ ድምፅ አልተገኘም፤ ከአመልካቿ ቤት ግን ከተፈቀደው መጠን በላይ የሆነ የብረታ ብረት ድምፅ ተመዝግቧል።» የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያችን የተሰጠን ለዚያ ክዳን ነው። ሻዩን ሦስቱም ጠጥተውት ነበር የሄዱት።

ሦስተኛ፦ ኮሚቴው በዚህ ሳይወሰን፣ ጉዳዩን እንደገና መርምሮ ድምፅ የሚያፍን ወፍራም ምንጣፍ እንዲነጠፍ መወሰኑን ሳልጠቅስ ባልፍ ውለታ ቢስ እባላለሁ። ውሳኔው ትክክል ነበር። ጉድለቱ አንዲት ቃል ላይ ናት፤ ምንጣፉ «በአመልካቿ ቤት» እንዲነጠፍ ነው የሚለው። አንጣፊዎቹ ጥቅልሉን በትከሻቸው ይዘው ሲመጡ፣ ድምፁ የሚመጣው ከላይ እንደሆነና ምንጣፉም መሄድ ያለበት አንድ ፎቅ ወደ ላይ እንደሆነ ላስረዳቸው ሞከርኩ። ትልቁ ሰውዬ ወረቀቱን ዓይኔ ሥር ዘርግቶ፣ «እህቴ፣ እኛ የታዘዝነው እዚህ ነው። ከፈለግሽ ጣሪያው ላይ እንመታልሻለን፤ ግን ሚስማሩ ድምፅ አለው» አለኝ። እናቴ «ተዪያቸው፣ ሰዎቹ ምን ያድርጉ» አለችና ወንበሮቹን ማንሣት ጀመረች። አሁን እኔና እሷ እንደ ድመት ነው የምንራመደው፤ የሦስተኛ ፎቅ ጎረቤቶቻችን ሦስት ቀን ኮቴ ቢያጡ ደህና መሆናችንን ሊጠይቁ መጥተው ነበር። እንዲህ ሆኖ በዚህ ሕንፃ ውስጥ ጸጥ እንዲል የተደረገው ብቸኛው ቤት፣ ጸጥታ አጣሁ ብሎ የከሰሰው ቤት ሆነ።

አራተኛው ቅሬታ ሳይሆን የእንኳን ደስ ያለዎት መልእክት ነው። የኮሚቴው መንገድ ሲያልቅብኝ ደረጃውን ወጥቼ የዶክተሩን በር አንኳኳሁ። በእውነት ደግ ሰው ናቸው። «ነይ ግቢ ልጄ፤ እኔ ቤት እኮ ምንም አይሰማም» አሉኝ፤ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ብዬ ልመልስላቸው ስል ዱላውን እጄ ላይ አስያዙኝና አንድ ጊዜ እንድመታ ጋበዙኝ። መታሁ። አልዋሽዎትም፣ ደስ ይላል። ኳሴ ውሃ ውስጥ ገባች፤ ማሽኑ የውሃ ድምፅ እንኳ ያሰማል። ዶክተሩ ሊያጽናኑኝ ፈልገው፣ «አይዞሽ፣ ሰብሳቢያችንም ሲጀምሩ ሁሉንም ውሃ ውስጥ ነበር የሚከቱት፤ አሁን ታዪያቸው» አሉና የተጫዋቾቹን ዝርዝር ሸራው ላይ አወጡልኝ።

አንደኛ ዶክተሩ፣ ሁለተኛ ሰብሳቢው። ሃያ ስድስት ጨዋታ ተጫውተዋል፤ ከየጨዋታው ጎን ቀንና ሰዓት አለ። ከሁሉ የላቀ ውጤት ያስመዘገቡት አንድ ሐሙስ ቀን ከሰዓት በኋላ በአሥር ሰዓት ከሩብ ላይ ነው፤ ንዑስ ኮሚቴው እናቴን ስለ ሻዩ አመስግኖ በወጣ በአሥራ አምስት ደቂቃ። እዚያ ደረጃ ላይ ለመድረስ ትከሻ ምን ያህል እንደሚደክም አንድ ጊዜ መትቼ ስለቀመስኩት፣ በሰላምታዬ ላይ ልጠይቅዎ ግድ ሆነብኝ። ከዚህ በታች የምዘረዝራቸውን መላዎች ለዶክተሩ ነግሬያቸው፣ «እሱን ከኮሚቴው ጋር ጨርሺ፣ እኔ የወሰኑትን ነው የማደርገው» ብለውኝ ወረድኩ።

አምስተኛ፦ መወልወያውን በተመለከተ አልክድም። ከዶክተሩ ቤት በወረድኩ በሳምንቱ፣ የአንድ ምዕራፍ የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ላይ ነበርኩ። ዘጠኝ ጊዜ አነበብኩት፣ ዘጠኝ ጊዜ ተበላሸ። በአሥረኛው የመጨረሻዋ ቃል ላይ ስደርስ ዱብ አለ። ከቁም ሣጥኑ ወጣሁ፣ መወልወያውን አነሣሁ፣ ጣሪያውን ሦስት ጊዜ መታሁ። ከላይ የመጣልኝ መልስ ሳቅ ነበር፣ የሁለት ሰው ሳቅ። አንደኛው የዶክተሩ ነው። ሁለተኛውን በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ብዙ ጊዜ ስለሰማሁት አልጠፋኝም። ማስጠንቀቂያው በማግስቱ ደረሰን፤ የምቶቹም ቁጥር አንድ አልጎደለም፣ አንድ አልተረፈም። የአራተኛ ፎቅ ጣሪያ ስንት ጊዜ እንደተመታ ለመቁጠር ከአምስተኛ ፎቅ ወለል የተሻለ ቦታ እንደሌለ እኔም እስማማለሁ።

እዚህ ድረስ ያነበበ ነዋሪ ዶክተሩ እንዲያቆሙ የምፈልግ ሊመስለው ይችላል። አልፈልግም። ቀኑን ሙሉ የሰው አፍ ውስጥ ሲመለከት የዋለ ሰው አመሻሹ ላይ አረንጓዴ መስክ ማየት ቢያምረው አልፈርድበትም። የምፈልገው ከአንድ አናጺ ጋር ተማክሬ በአንድ ገጽ የጻፍኩትን ነው። ሸራው ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል ተለይቶ በገመድ ላላ ብሎ ይሰቀል፤ ከኋላው ወፍራም ብርድ ልብስ ይንጠልጠል። ዶክተሩ የሚቆሙበት መድረክ ግድግዳ ሳይነካ በወፍራም ጎማ ላይ ይቀመጥ። ኳሱ የሚመለስበት ወለል ምንጣፍ ያግኝ፤ እኛ ዘንድ ያለ ቦታው የተነጠፈ አንድ አዲስ ምንጣፍ አለ። ጠዋቱ ለንባብ፣ ከሰዓት በኋላው ለጎልፍ ይሁን። በቃ። ይህን ለማሰብ ንዑስ ኮሚቴ አላስፈለገኝም።

ማሽኑ በማን ፈቃድ እንደተተከለ ለማወቅ የኮሚቴውን ጸሐፊ መዝገቡን እንዲያሳዩኝ ጠየቅኋቸው። እሳቸው፣ ሌሎቹ አባላት እንዳይቀየሙኝ እንጂ፣ ሲሠሩ ያየኋቸው ብቸኛ የኮሚቴ አባል ናቸው። ፋይሉን ከመደርደሪያው አውርደው ገለጡልኝ። የዶክተሩ ማመልከቻ አለ፤ የኮሚቴው መልስ የለም። በመልሱ ቦታ በእርስዎ ፊርማ አንድ ማስታወሻ ተያይዟል፦ «በደንባችን አንቀጽ አሥራ አራት መሠረት፣ በሰባት የሥራ ቀን ውስጥ መልስ ያልተሰጠው ማመልከቻ እንደተፈቀደ ይቆጠራል።» አንቀጹን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ማንበብ ሥራዬ ነው። የማን ማመልከቻ እንደሆነ የሚለይ ቃል ፈልጌ አላገኘሁም። ጸሐፊዋ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው፣ «ወረቀት አለሽ ወይስ ልስጥሽ?» አሉኝ።

እዚያው ቁጭ ብዬ ሦስት ማመልከቻዎች ጻፍኩ። በአንደኛው ሁለቱም ማስጠንቀቂያዎች እንዲነሡልን ጠየቅሁ። በሁለተኛው ከላይ የዘረዘርኳቸው ማስተካከያዎች በአምስተኛ ፎቅ እንዲሠሩ ጠየቅሁ። በሦስተኛው ደግሞ ሥራው ተጠናቆ እስኪያልቅ ድረስ፣ ደንቡ ነዋሪዎች የኮሚቴውን ቢሮ ለትምህርታዊ ተግባር መጠቀም ይችላሉ ስለሚል፣ ቢሮው ጠዋት ጠዋት ለንባቤ እንዲሰጠኝ ጠየቅሁ። ጸሐፊዋ ቀኑን ጽፈው፣ ተቀብያለሁ ብለው ፈርመው፣ ጠረጴዛዎ ላይ አስቀመጡልኝ።

ከዚያ ጠበቅሁ። ከአንድ መሥሪያ ቤት መልስ እንዳይመጣ ስጸልይ የመጀመሪያዬ ነው። እናቴ በየማታው «እስካሁን ዝም ናቸው?» ትላለች፤ «ዝም ናቸው» እላለሁ፤ «ተመስገን» ትላለች። በአራተኛው ቀን እርስዎ ደረጃው ላይ ሲያገኙኝ ቆም ብለው ስለተመለከቱኝ መልስ ሊሰጡኝ መስሎኝ ነበር፤ ጎንበስ ብለው የጫማዎን ክር አሰሩና ወደ አምስተኛ ፎቅ ቀጠሉ። ክቡርነትዎ አላሳፈሩኝም። ሰባተኛው የሥራ ቀን ትናንት አለቀ።

ስለዚህ የሚከተለውን የማበስርዎ ከልብ በመነጨ ደስታ ነው። ሁለቱም ማስጠንቀቂያዎች፣ የክዳኑም የመወልወያውም፣ በእርስዎ መልካም ፈቃድ ተነሥተዋል፤ እናቴ ዛሬ ጠዋት ማንቆርቆሪያውን እንደ ልቧ ከድናለች። የአምስተኛ ፎቅ ማስተካከያዎችም ጸድቀዋል። ዶክተሩ ጸሐፊዋ የፈረሙበትን የማመልከቻ ግልባጭ ከአንቀጹ ጋር ስሰጣቸው ሁለት ጊዜ አንብበው፣ «ይኼ ሁሉ ነገር ለብርድ ልብስ ነው? ኮሚቴው ከወሰነ እኔ ምን ቸገረኝ» አሉና አናጺውን በስልክ ጠሩት። ሥራው ሦስት ሳምንት ይፈጃል ተብሏል።

እስከዚያው ከሰኞ ጀምሮ በኮሚቴው ቢሮ አነባለሁ። ክፍሉን ሄጄ አይቼዋለሁ። መጋረጃው ወፍራም ነው፣ ወንበሮቹ ስፖንጅ ናቸው፣ መስኮቱ ወደ ጓሮ ነው። በሕንፃው ውስጥ ከዚያ የበለጠ ጸጥ ያለ ክፍል የለም፤ ለዓመታት ሥራ ያልተሠራበት በመሆኑ የሚያስተጋባ ነገር እንኳ የለውም። ተማሪዬ ስነግራት፣ «እንግዲያው ከምዕራፍ አንድ እንደገና ቅጂልኝ፤ ያለ ዱብ ምን እንደሚል ልስማው» አለችኝ። ጊዜ ካገኘሁ እሱንም አደርግላታለሁ።

በዝምታዎ ላደረጉልን ሁሉ፣ በመልስዎ ሊያደርጉልን ይችሉ ከነበረው እጅግ በሚበልጥ ሁኔታ፣ ውለታዎን የማልረሳና አክብሮቴ ከአንቀጽ አሥራ አራት ጋር የጸና፣

የአራተኛ ፎቋ አንባቢ

ግልባጭ፦
ለአምስተኛ ፎቅ ዶክተር፣ ለብርድ ልብሱ ከምስጋና ጋር
ለኮሚቴው ጸሐፊ፣ ከመዝገቡ ጋር እንዲያያይዙት
ለሦስተኛ ፎቅ ጎረቤቶቻችን፣ በሕይወት መኖራችንን እንዲያውቁ
ለአሳንሰሩ በር፣ በማጣበቂያ

ማስታወሻ፦ ዛሬ ጠዋት የቢሮውን ቁልፍ ስረከብ የሕንፃው ጥበቃ፣ «እህቴ፣ ከዚህ ክፍል በላይ እኮ የሰብሳቢው መኝታ ቤት ነው፤ እሳቸው ደግሞ እስከ አራት ሰዓት አይነሡም» አሉኝ። እውነቱን ለመናገር ይህን አላውቅም ነበር። ሰዓቱን ልቀይር አስቤ፣ የተፈቀደልኝ ከሰኞ እስከ ዓርብ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ስለሆነ ከፈቃድዎ መውጣት አልወደድኩም። ድምፄ ጉልበት አለው፤ አንድ አንቀጽም እስኪጠራልኝ ድረስ እደጋግመዋለሁ። ቢከፋ ቢከፋ፣ ሕግ ይማራሉ።